ማንም የማያውቃቸውን ስድስት ተፋላሚዎች እንዴት ልምረጥ?

በዚህ ዓምድ ፋንታሲ፣ ማለትም እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጦ እነሱ ባመጡት ውጤት ነጥብ የሚለቀምበት ጨዋታ፣ ከተባለ እስካሁን የሚመጣው ጥያቄ ያው የፕሪሚየር ሊጉ ነበር። ካፒቴን ማንን ላድርግ፣ ማንን ልሽጥ፣ የተጎዳውን ልታገሠው ወይስ ልቀይረው። በዚህ ወር ግን ከወሎ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ስለ ኤምኤምኤ ሆነው አረፉት። ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፣ ቡጢውም፣ ካልቾውም፣ ትግሉም፣ አንቆ እጅ ማሰጠቱም በአንድ ሜዳ የሚፈቀድበት ፍልሚያ ነው፤ ዩኤፍሲ የሚባለው ደግሞ የዚህ ፍልሚያ ትልቁ ውድድር ነው። አራት ጥያቄ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ብዙ ነገር ስለነካካ መልሱም ረዝሟል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው ያለሁት። ስድስት ጓደኛሞች የዩኤፍሲ ፋንታሲ እንጫወታለን። መጀመሪያ ሁላችንም ታዋቂዎቹን እየመረጥን የሁላችንም ቡድን አንድ ዓይነት ሆነ። ስለዚህ ሕግ አወጣን። ሻምፒዮን አይመረጥም፣ በደረጃ ሰንጠረዡ ከ1 እስከ 15 ያለም አይመረጥም። እያንዳንዳችን ስድስት ሰው እንይዛለን። እኔ ሪከርዳቸው ያማረውን እመርጣለሁ፤ 11 ለ 0 ምናምን። ቪዲዮ ላይ ሰው ሲዘርሩም አይቼ ነው። ወላሂ ሦስት ጊዜ ተከታትዬ መጨረሻ ወጣሁ። ቡና ከፋዩ ሁሌ እኔ ነኝ። ምን እያጠፋሁ ነው?
ኪሴ የተራቆተው፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ቡና ከፍሎ የደኸየ የለም። ሕጋችሁን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ስም ያለውን መምረጥ ማንም ይችላል። ግን ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አንብቤ አንድ ነገር አጣሁበት። ነጥብ እንዴት እንደምትቆጥሩ አልነገርከኝም። ሽንፈትህ ያለው እዚያው ይመስለኛል። አንተ «ማን ያሸንፋል?» እያልክ ትመርጣለህ። ጨዋታው የሚጠይቅህ ግን «ማን ነጥብ ያመጣል?» ብሎ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠቀመው አቆጣጠር ድራፍትኪንግስ ከሚባለው የአሜሪካ ጨዋታ የተቀዳ ስለሆነ የእናንተም ከዚያ ብዙ አይርቅም ብዬ ልነሣ። እዚያ 50,000 የጨዋታ ዶላር ይሰጥህና ስድስት ሰው ትገዛለህ። በመጀመሪያው ዙር ዘርሮ ወይም እጅ አሰጥቶ ያሸነፈ 90 ነጥብ ያገኛል። በሁለተኛው ዙር 70፣ በሦስተኛው 45። በዳኞች ውሳኔ ያሸነፈ ግን 30 ብቻ። ሌላው ደግሞ ጠብ ጠብ እያለ የሚጠራቀም ነው። አንሥቶ መሬት ላይ መጣል፣ ቴክዳውን የሚሉት፣ 5 ነጥብ አለው። መትቶ መሬት ማስነካት 10። በደንብ ያረፈ እያንዳንዱ ምት 0.4። ተጋጣሚን ይዘህ የተቆጣጠርክበት እያንዳንዱ ሰከንድ 0.03።

እስኪ ወረቀት አውጣና አብረን እንደምር። አንድ ቡጢኛ በመጀመሪያው ዙር ዘረረ እንበል። 90፣ አንድ ጊዜ መሬት ስላስነካ 10፣ 15 ምት ስላሳረፈ 6። ድምር 106። አሪፍ ነው። ሌላው ታጋይ ነው፣ ማንንም አልዘረረም፣ ተመልካቹም እያፏጨበት ነው፤ ግን ሰውየውን ሰባት ጊዜ ጣለው፣ ስድስት ደቂቃ ተጫነው፣ 60 ምት አሳረፈ፣ በዳኞች አሸነፈ። 30 ሲደመር 35 ሲደመር 10.8 ሲደመር 24፣ 99.8። አየህ? ቪዲዮ ላይ የማይወጣው ሰው ከዘራሪው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። አሁን ደግሞ ያንተ ቡጢኛ ሳይዘርር ቀረ እንበል። 50 ምት አሳርፎ በዳኞች አሸነፈ። 50 ነጥብ፣ በቃ። አሸንፎልህም ቡና ከፋዩ አንተ ነህ።

ስለዚህ ከማይታወቁት ውስጥ መጀመሪያ የምትፈልገው ታጋዩን ነው። ሥራ የማያልቅበትን ሰው። የጆርጂያውን ሜራብ ድቫሊሽቪሊን አስታውስ። ዩኤፍሲ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፍልሚያዎች ተሸነፈ። ያኔ ሪከርድ ብቻ የሚያይ ሰው ዞር ብሎም አላየው። ሰውየው ግን ተጥሎ የተነሣን መልሶ የሚጥል፣ አሁንም የተነሣን አሁንም የሚጥል፣ ትንፋሹ የማያልቅ ጉድ ነበር፤ በ2024 ሾን ኦማሊን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ከሻምፒዮንነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ፋንታሲ ላይ የያዘው ሰው ቡና ከፍሎ አያውቅም።

ስለ 11 ለ 0ው ልናገር። ሪከርድ የሚነግርህ ስንት እንዳሸነፈ ነው። ማንን እንዳሸነፈ አይነግርህም። በትንንሽ ውድድሮች አዲስ ጀማሪ እየተሰጠው ዐሥር ያሸነፈ ሞልቷል፤ የሰፈር ልጅ ከታናናሾቹ ጋር እየታገለ «አልወድቅም» እንደሚለው ነው። በተቃራኒው ቻርለስ ኦሊቬራ በ2021 ለሻምፒዮንነት ቀበቶ ሲፋለም 30 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ነበር። ስምንት ሽንፈት! ሻምፒዮን ግን ሆነ። ብራንደን ሞሬኖን ዩኤፍሲ በ2018 አሰናብቶት ነበር፤ ተመልሶ መጣና በ2021 ሜክሲኮ ተወልዶ የዩኤፍሲ ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እኔ ከ11 ለ 0 ይልቅ በጠንካራ ሰዎች ተሸንፎ 12 ለ 4 የሆነውን ብይዝ ይሻለኛል። ተጋጣሚዎቹን አንድ በአንድ ክፈትና የእነሱንም ሪከርድ እይ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ዐሥር ደቂቃ ይፈጃል፣ ጓደኞችህ አያደርጉትም። ጥቅሙም እሱ ነው።

ከየት እንደመጣም ተመልከት። የደቡብ አፍሪካው ኢኤፍሲ፣ የፖላንዱ ኬኤስደብሊው፣ የእንግሊዙ ኬጅ ዋሪየርስ ቀበቶ ይዞ የመጣ ሰው ስሙን ባታውቀውም ተፈትኖ ነው የመጣው። ድሪከስ ዱ ፕሌሲ ከኢኤፍሲና ከኬኤስደብሊው ነው የወጣው፤ በ2024 መጀመሪያ የዩኤፍሲን ቀበቶ ወሰደ። ዝነኛው አየርላንዳዊ ኮኖር ማክግሪጎር ራሱ ከኬጅ ዋሪየርስ ነው። ከ2017 ጀምሮ ላስ ቬጋስ ላይ የሚደረግ የኮንትራት ማግኛ ፍልሚያም አለ፣ በዩኤፍሲው አለቃ በዳና ዋይት ስም የሚጠራው። ኦማሊና ጃማል ሂል ከዚያ ወጥተው ሻምፒዮን ሆነዋል። ግን ተጠንቀቅ፤ እዚያ ልጆቹ ኮንትራት ፍለጋ እንደ እብድ ስለሚማቱ ከመደበኛው አመላቸው ውጪ ልታያቸው ትችላለህ።

ቪዲዮውን በተመለከተ፣ ቪዲዮ ማለት ደላላ ነው። የቤቱን በረንዳ እንጂ የሚያፈሰውን ጣሪያ አያሳይህም። ካየህ ሙሉ ፍልሚያ እይ። በተለይ ሦስተኛውን ዙር። አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው? እጁ ወርዷል? ከተጣለ በኋላ ይነሣል ወይስ ተኝቶ ዳኛውን ይለምናል?

ትንፋሽ ካልን ደግሞ አንተ የደሴ ልጅ ነህ፣ ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለህ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ ቡድን ሆጤ ሜዳ ላይ በሁለተኛው አጋማሽ እንዴት እንደሚሆን አይተሃል። በ2015 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ኬን ቬላስኬዝ በከባድ ሚዛን ትንፋሽ የማያልቅበት ሰው ይባል ነበር። ከተማዋ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ከደሴ እንኳ ታንሳለች። ተጋጣሚው ፋብሪሲዮ ቬርዱም ቀደም ብሎ ሄዶ አየሩን ለምዶ ነበር። ቬላስኬዝ ነፍሱ ቀጥ አለችና በሦስተኛው ዙር ታንቆ እጅ ሰጠ። ስለዚህ ፍልሚያው የት ነው ብለህ ጠይቅ። ሜዳውም ይለያያል። ላስ ቬጋስ ባለው የዩኤፍሲ የራሱ አዳራሽ የሚዘረጋው ኬጅ፣ የሚፋለሙበት አጥር ማለት ነው፣ ወርዱ 7.6 ሜትር ገደማ ነው፣ በትልልቆቹ ስታዲየሞች 9.1። ጠበብ ሲል መሸሻ የለም። እየዞረ ነጥብ የሚለቅም ሰው እዚያ ይቸገራል፣ ለታጋይ ግን ግድግዳው ቅርቡ ነው።

ክብደትንም አትርሳ። ከባድ ሚዛን ላይ አንድ ቡጢ ይበቃል፣ ስለዚህ የማይታወቅ ከባድ ሚዛን ወይ 100 ያመጣልሃል ወይ ባዶ። ቀላሎቹ፣ 56.7 ኪሎዎቹ፣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ፤ እዚያ ብዙ የሚማታና የሚጥል ፈልግ። እኔ ብሆን ከስድስቱ ሦስቱን ታጋይ፣ አንዱን ከባድ ሚዛን፣ አንዱን ያለማቋረጥ የሚማታ አደርጋለሁ። ስድስተኛውን ለዕድል። ለዕድልማ ቦታ መተው አለብህ፤ ማት ሴራ በ2007 ሻምፒዮኑን ጆርጅ ሴንት ፒየርን በመጀመሪያው ዙር ይጥለዋል ብሎ ያሰበ ማን ነበር?

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ስድስት ሰው ስድስት ስድስት ሲይዝ 36 ነው። በአንድ ምሽት ያለው ፍልሚያ ግን ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 ነው፣ ቢበዛ 28 ተፋላሚ። ከዚያ ላይ ባለደረጃዎቹን ስትቀንስ ስንት ይቀራል? አንድ ሰው ሁለት ሦስታችሁ ጋ እየተያዘ ነው ማለት ነው። ያው የሸሻችሁት ነገር ተመልሶ መጣባችሁ። ወይ ሦስት ሦስት ያዙ፣ ወይ የወሩን ፍልሚያ በሙሉ አንድ ላይ አድርጉት። ምርጫውንም እንደ ዕቁብ ዕጣ አውጡበት፤ መጀመሪያ የወጣለት መጀመሪያ ይመርጣል፣ በሁለተኛው ዙር ደግሞ ከመጨረሻው ሰው ይጀመራል። የተያዘ ሰው ድጋሚ አይያዝም። ያኔ ነው ሥራ የሠራ ሰው የሚለየው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። ከያዝኳቸው አንዱ ሚዛን አልሞላም ተብሎ ፍልሚያው ሊሰረዝ ነበር፣ ከዚያ ተካሄደ። ሌላው ደግሞ ታሞ በሳምንቱ ምትክ ገባ። ጓደኞቼ «ሁለቱም አይቆጠሩልህም» አሉኝ። ልክ ናቸው?
የተሸወደው

መልስ፦ «አልሞላም» ሳይሆን «አልፏል» ነው ነገሩ። የሚቸገሩት ለመክበድ ሳይሆን ለመቅለል ነው፣ በፍልሚያው ዋዜማ ላብ በላብ ሆነው ውሃ እየጨመቁ። በመደበኛ ፍልሚያ ከተወሰነው ኪሎ ላይ እስከ ግማሽ ኪሎ የምታህል ይለፍ አለች። ለቀበቶ ከሆነ ግን አንዲትም የለችም። ያ ያልኩህ ኦሊቬራ በ2022 ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ከሩብ ኪሎ ባልበለጠ አለፈና በዚያው ሰበብ ቀበቶውን ተነጠቀ፤ በማግስቱ ጀስቲን ጌትጂን በመጀመሪያው ዙር አሸነፈ፣ ቀበቶው ግን አልተመለሰለትም። ፋንታሲ ላይ ግን? ነጥቡ ሙሉ ነው። የተካሄደ ፍልሚያ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ጓደኞችህ ተሳስተዋል።

ምትኩን በተመለከተ፣ ያንተ ሰው ራሱ ካልገባ ባዶ ነው፤ የተተካውን ሰው ነጥብ መውሰድ አትችልም። ለወደፊቱ አንድ ተጠባባቂ እንዲያዝ ተስማሙ። ደግሞ በአጭር ጊዜ የሚገባን ምትክ አትናቅ። ኔት ዲያዝ በ2016 በ11 ቀን ማስታወቂያ ገብቶ ማክግሪጎርን አነቀው። በዚያው ዓመት ማይክል ቢስፒንግ በ17 ቀን ዝግጅት ሉክ ሮክሆልድን ዘርሮ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም ግን ልምድ የጠገቡ ሰዎች ነበሩ። ምትኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኤፍሲ የሚገባ ልጅ ከሆነ፣ ያውም ከአቅሙ ከፍ ባለ ክብደት፣ እሱን ሳይሆን ተጋጣሚውን ያዝ።

ጥያቄ፦ እኔ ወልድያ ነኝ፣ ቴኳንዶ እሠራለሁ። ከወንድሞቼ ጋር ስንጫወት ሴት ተፋላሚ ስይዝ ይስቁብኛል፤ «የሴቶቹ ፍልሚያ ነጥብ የለውም» ይላሉ። እውነት ነው?
እህታችሁ

መልስ፦ እህቴ፣ ከፊሉ እውነት ነው፣ ግን ምክንያቱ እነሱ የሚሉት አይደለም። ቀላል ሚዛን ላይ መዘረር ይቀንሳል፣ በዳኞች የሚያልቀው ይበዛል፣ ያ በወንዶቹም ያው ነው። ኦሊቬራ ቀበቶውን ባጣበት ዝግጅት ላይ ካርላ ኤስፓርዛ ሮዝ ናማጁናስን አሸንፋ የ52 ኪሎውን ቀበቶ መልሳ ወስዳለች፤ አምስት ዙር ሙሉ እየተያዩ ዞሩ ነው የሚባለው። አሸናፊዋን የያዘ ሰው ያገኘው ነጥብ ያሳፍራል።

አሁን ደግሞ ይሄን ለወንድሞችሽ ንገሪያቸው። በ2020 ዣንግ ዌሊና ዮአና የንድዠይቺክ በዚያው ክብደት ተፋለሙ። ዮአና ተሸነፈች። ግን ከ180 በላይ ምት አሳርፋ ነው የተሸነፈችው። በ0.4 ስታባዢው ከ72 በላይ ነጥብ ነው፣ ለተሸናፊ! የወንድምሽ አሸናፊ ቡጢኛ 50 ይዞ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ ሴት ስትይዢ ያለማቋረጥ የምትማታዋን ያዢ፤ ቆማ የምትጠብቀዋን ተያት። ለማይታወቁት ደግሞ ኢንቪክታ የሚባለውን የሴቶች ብቻ ውድድር ተመልከቺ፤ ከ2012 ጀምሮ አለ፣ ኤስፓርዛም ናማጁናስም ከዚያ ነው የመጡት። ወንድሞችሽ ያንን አያዩም። አንቺ የካልቾ ሰው ስለሆንሽ ደግሞ የማን እግር ከልቡ እንደሚመታና የማን እግር ለማስፈራሪያ እንደሚወረወር በዓይንሽ ትለዪዋለሽ። እኔ ይሄን ለመለየት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ከረማችሁ። ሐይቅ ነው የምኖረው። የ19 ዓመት ልጅ አለኝ። እሁድ እሁድ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ በስልኩ ሰው ሲደባደብ ያያል። ምንድን ነው ስለው «ቡድን አለኝ» ይለኛል። እሱ የማይጫወትበት ቡድን ምን ዓይነት ቡድን ነው? ቁማር እንዳይሆን ብዬ ሠጋሁ።
አባት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ ስለ ደብዳቤዎ። ልጅዎ ውሸት አልነገረዎትም። በወረቀት ተፋላሚዎችን ይመርጣል፣ እነሱ ባገኙት ውጤት ከጓደኞቹ ጋር ይወዳደራል፣ ያ ነው ቡድን የሚለው። ከእርስዎ የሚጠበቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ገንዘብ ታዋጣላችሁ ወይ?» ይበሉት። የተሸነፈው ቡና የሚጋብዝ ከሆነ ጨዋታ ነው። ብር አዋጥተው አንዱ የሚጠቀልለው ከሆነ ግን ቁማር ነው፤ ሼሁንም ቄሱንም ቢጠይቁ መልሳቸው አንድ ነው። እኔም በዚህ ዓምድ ለእንዲያ ዓይነቱ ምክር አልሰጥም።

ድብድቡን በተመለከተ፣ በ1993 ዴንቨር ላይ ሲጀመርስ እርስዎ እንዳሉት ነበር፤ የክብደት ክፍል እንኳ አልነበረውም፣ ግዙፉ ከቀጭኑ ጋር ይገባ ነበር። አሁን በኪሎ ተከፍሏል፣ አምስት አምስት ደቂቃ ሦስት ዙር ነው፣ ለቀበቶ አምስት ዙር። ሦስት ዳኞች ነጥብ ይይዛሉ። ዓይን መጓጎጥ፣ በቴስታ መምታት፣ ማጅራት መምታት ክልክል ነው።

ሳይነጋ የሚነሣውም ወዶ አይደለም። አሜሪካ ቅዳሜ ማታ ሲሆን እኛ ጋ እሁድ ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ነው፣ እንደ ወቅቱ ይለያያል። እኔ ራሴ በዚህ ሰዓት ነገር ጉድ ሆኛለሁ። አንድ ጊዜ እንደለመድኩት ሌሊት ነው ብዬ ቅዳሜ ማታ ስልኬን ጠምጄ ተኛሁ። ለካ ፍልሚያው አቡዳቢ ነው። ገና ቅዳሜ ሳይመሽ ተጀምሮ፣ ምርጫው ተዘግቶ፣ እኔ ስነቃ ሁሉም አልቆ ነበር። ስድስት ሰው አጥንቼ፣ አንዱንም ሳላስገባ ባዶ ወጣሁ።

እና ጋሼ፣ አንድ እሁድ አብረውት ቁጭ ብለው ይዩ። በልጅነትዎ ሜዳ ላይ ትግል ገጥመው የሚያውቁ ከሆነ ማን ወገብ እንዳለው፣ ማን ከመያዙ በፊት እግሩ እንደሚከዳው ከልጅዎ ቀድመው ነው የሚያውቁት። ስድስት ስም ከያዙ ደግሞ ለእኔም ላኩልኝ፣ ለደሴው ልጅ አደርስለታለሁ።